ሰላምታው ሳያልቅ

ይህን የምጽፈው ሲስተር ብርሃኔ ስለለመነችኝ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ብዕር ከምይዝ መርፌ ብይዝ ይቀለኛል። ግን ነገሌም ሆነ ፊልቱ ወይም ሜጋ፣ ማታ ማታ እየተኮሰው «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ኪኒን ሲቅም የሚከርም ሰው ሞልቷል። እሱ ያንብበው። ነገ ነጭ ጋዋን ለብሰው አልጋችን አጠገብ ከሚቆሙት ተማሪዎችም አንድ ሁለቱ ቢያነቡት አልጠላም።

ስሜ አስካለ ነው። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። እኔ ግን ነገሌ ተወልጄ ነገሌ እያረጀሁ ያለሁ ሴት ነኝ፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከጡት ጋር ነው የጠባሁት። ባሌ ተፈራ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ገበያው ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና አለችኝ። የተማሪ ዩኒፎርም ነው፣ የሙሽራ ቀሚስ ነው፣ ያመጡልኝን እሰፋለሁ። እግሬ መኪናዋን መርገጥ ካቃተው ግን አስካለ የምትባል ሰው የለችም ማለት ነው፤ የፈራሁትም ይህንኑ ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። መጀመሪያ ወገቤን ያዘኝ። ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ አመሻሹ ላይ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር፤ በቆላ ሙቀት ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። ከዚያ እንደ ምድጃ እግላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ያልበኛል። ላቡ የከረመ እርጥብ ጭድ ይሸታል። ልብሴን ቀይሬ ስተኛ እሱም ይረጥባል። ጠዋት ግን ደህና ነኝ! ያበገነኝ ይሄ ነው። ማታ የሞተች ሴት ጠዋት ተነስታ ጎረቤት ሰላም ስትል ማን ያምናታል?

ከሱቄ ፊት ለፊት ወዳለች ክሊኒክ ሄድኩ። ልጄ የሚሆን ወጣት ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አለኝ። አንቺ መባሉን ዋጥ አድርጌ ወገቤንና ትኩሳቱን ነገርኩት። ደም ሰጠሁ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ እንደ ኔው ፊታቸው የገረጣ ሰዎች መሀል ተቀምጬ ጠበቅሁ። ውጤቱ ታይፎይድና ታይፈስ ሆነ። በእኛ ከተማ እነዚህ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ኪኒኑን ጨረስኩ፣ ሕመሙ አልጨረሰኝም እንጂ አልለቀቀኝም። ተመልሼ ሄድኩ፤ አሁንም ታይፎይድ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ሪህ ነው አሉ። ሌላው ደግሞ ደሜ ላይ ምንም ሳያገኝ ለማንኛውም ብሎ የወባ መድኃኒት ሰጠኝ። ስለ ወጪው አላወራም፤ የታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

ሻኪሶ ጥሩ ሐኪም አለ ሲሉኝ እዚያም ሄድኩ። መንገዱ ወገቤን ምን እንዳደረገው እግዜር ይወቀው። መጠበቂያው ክፍል ከወርቅ ቁፋሮ በመጡ፣ ጫማቸው ጭቃ በለበሰ ጎረምሶች ተሞልቷል። አንዱ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀልኝ፤ ክንዱ ተሰብሮ በሻሽ ታስሮ ሳለ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ ምርቃቴ ግን ይድረሰው።

ሐኪሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ አዋቂ ሰው ነበር። ግን በር ላይ የሚጠብቀው ሕዝብ ልቡን ሰቅሎታል። ጥያቄውን እንደ ዳዊት ደጋሚ ያለ እስትንፋስ አወረደው። «ሳል አለሽ?» «የለም።» «ከስተሻል?» «አዎ።» «ከብት አለሽ?»

«የለኝም።»

«ወተት ትጠጫለሽ?»

«ኸረ ዶክተር፣ ጾም ነው!» አልኩት ተቆጥቼ።

ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው አለፈ። አሁን ሳስበው ሳቄም ይመጣል፣ እልሄም ይመጣል። ጥያቄዎቹ ትክክል ነበሩ። እኔም አልዋሸሁም። ጾም ሲገባ ወተት አልጠጣም፤ ከጾሙ በፊት ግን የጠጣሁትን ቢጠይቀኝ ኖሮ ሌላ መልስ ነበረኝ። ከብትም በቤቴ የለኝም። ያለችኝ አንዲት ላም ናት፤ እሷም ያለችው ገጠር፣ አብሮ አደጌ ሎኮ ዘንድ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ከብት አለሽ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ይህን ያህል አለኝ የሚል የለም። ከብት አይቆጠርም፣ አይጠራም። በድንገት የሚጠይቅህ ሰው ወይ ቀረጥ ሊያስከፍልህ ነው ወይ ዓይኑ ክፉ ነው። ቦረና መሀል ያደገች የጎጃሜ ልጅም ይህንኑ ነው የምትመልሰው።

ሻኪሶ ላይ የአከርካሪ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም ተባልኩ። የአጥንት ነቀርሳ ማለት ነው። ይህን ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ በአውቶቡሱ መስኮት ያየሁት ነገር ትዝ አይለኝም። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሌሊቶች አይወሩም። ላቤን እየጠረግሁ የስፌት መኪናዬን ለማን እንደምሰጣት አስብ ነበር።

ተፈራ መጀመሪያ ደህና አድርጎ አስታመመኝ። ውሃ ያመጣል፣ ወገቤን ያሻል። ወራት ሲቆጠሩ ግን ሰው ነውና ደከመው። ፍራሹን ሳሎን አወጣ። «ምን ላድርግልሽ? ንገሪኝና ላድርገው» ይለኛል፤ ድምፁ ግን የልመና ሳይሆን የምሬት ነው። እኅቱ ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉ ልቤን አሳረፈው፣ የጭነት መኪናው ጉዞ ግን ወገቤን ጨረሰው። አንድ ቀን ተፈራ በረንዳ ላይ ለጎረቤታችን፣ «ሕመሙ የሐሳብ ነው፤ ሥራው ሰልችቷታል» ሲል ሰማሁት። ከመርፌ ሁሉ የባሰ ያመመኝ ይህ ነው። እኔ ሥራ ሰልችቶኝ! መኪናዬን ለመርገጥ ስል አንድ ጉልበቴን በሁለት እጄ እያነሳሁ የማስቀምጥ ሴት!

በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳትጎድል የመጣችልኝ ሎኮ ናት። ሎኮ የቦረና ሴት ናት፤ አባቴ የአባቷ ወዳጅ ስለነበር አብረን አድገናል። መንደሯ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ገበያ በዋለ ቁጥር በጢስ የታጠነ የወተት ዕቃዋን አንግታ በእግሯ ትመጣለች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ትቀመጥና ሰላምታችንን እንጀምራለን። የቦረናን ሰላምታ ለማያውቅ ልንገረው። «ናጋ?» ይባላል፣ ሰላም ነሽ ወይ ማለት ነው፤ ናጋ ተብሎ ይመለሳል። ቤተሰቡ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ሣሩ፣ ኤላው ማለትም የውሃ ጉድጓዱ በተራ ይጠየቃል፤ ለሁሉም መልሱ ናጋ ነው። ቤት ውስጥ ሬሳ ተጋድሞ እንኳ መጀመሪያ ናጋ ነው የሚባለው። ዙሩ ካለቀ በኋላ፣ «ኦዱ?» ይባላል፤ ወሬው ምንድን ነው ማለት ነው። እውነቱ የሚወጣው ያኔ ነው። እኔና ሎኮ ግን እዚያ አንደርስም ነበር፤ መሀል ላይ ወገቤ ይወጋኛል፣ እኔም ስለ ወገቤ እጀምራለሁ፣ እሷም እጄን ይዛ ታዳምጠኛለች።

በመጨረሻ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ሰው መደገፍ ግድ ሲሆንብኝ ከተማችን ሆስፒታል አስተኙኝ። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ከተማሪዎቹ ጋር መጣና አልጋዬን ከበቡት። ሐኪሙ ከራስጌዬ ቆሞ ስለ እኔ በእንግሊዝኛ አወራ። ዕድሜዬንና ታይፎይድ የሚለውን ሰማሁ፣ ሌላው አመለጠኝ። አንዷ ተማሪ ምንም ሳትለኝ ልብሴን ከጀርባዬ ገለጠችው፤ ሁሉም በየተራ አከርካሪዬን ተጫኑ። ገበያ ላይ በግ ሲመረጥ አይታችኋል? ላቷን ጨበጥ አድርገው ለጓደኛቸው ያሳዩና ያልፋሉ። ልብሴን መልሶ የሸፈነልኝ አልነበረም፤ እጄም ወደ ኋላ አልደርስ አለኝ። ተፈራ ምሳ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

ሲስተር ብርሃኔ የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። ኮሌጅ ውስጥ የምታስተምር ነርስ ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ እሷም የደከማት የምትመስል ሴት። የመጣችው ከእነዚያው ከጠዋቶቹ ተማሪዎች ጋር ነው። በኋላ እንደሰማሁት እሷ የምታስተምራቸው ሥነ ምግባርና የሰውን ታሪክ ማዳመጥን ነው፤ ተረት ታስነብባቸዋለች፣ የሽማግሌ ፍርድ ታስተርካቸዋለች። ተማሪዎቹ «የወሬ ኮርስ» ይሉታል።

ክፍሉ በር ላይ አቁማ፣ «ዛሬ በሽታ የሚጠይቅ እንዳላይ» አለቻቸው። «አንድ አንድ ሰው ያዙ። አስፈቅዳችሁ ተቀመጡ። ሰላምታ ስጡ፣ እንደ አገሩ፣ እስከ መጨረሻው። ሲያልቅ ዝም በሉ።»

«ሲስተር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ።

«ዕድሜ ልክህን ይመጣል» አለችው፤ አልሳቀችም።

ለእኔ የደረሰኝ ገልገሎ የሚባል የሜጋ ልጅ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስልኩን ከእጁ የማይለይ። ጠዋት ጀርባዬን ከተጫኑት አንዱ ነበር። «እማማ፣ ልቀመጥ?» አለኝ።

«ተቀመጥ። ጀርባዬን እንደሆነ አይታችሁታል፣ ምን ቀረ ልጄ?» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። ስልኩን ኪሱ ከተተና በኦሮምኛ ጀመረ። «አካም አዮ፣ ናጋ?» እናቴ ሰላም ነሽ ማለቱ ነው።

«ናጋ።»

«ወራ ናጋ?» ቤተሰቡስ?

«ናጋ።»

«ጆሌ ናጋ? ሎን ናጋ?» ልጆቹስ፣ ከብቱስ?

«ናጋ፣ ናጋ።»

አያቱ እንዴት እንደሚሉ እያስታወሰ እንደሆነ ያስታውቃል። ተራውን ያዛባል፣ ዝናቡን ጠይቆ ወደ ልጆቹ ይመለሳል። መጀመሪያ አሳቀኝ። ቀስ እያለ ግን ትንፋሼ ረጋ፣ ትከሻዬ ወረደ። ስንት ወር ሙሉ ከሕመሜ ሌላ ስለ ምንም የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም። ሣሩንም፣ ኤላውንም ጠየቀኝና ዙሩን ጨረሰ። ዝም አለ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ «ኦዱ?» አለኝ።

ከየት እንደመጣብኝ እንጃ፣ አለቀስኩ። የተናገርኩትም ስለ ወገቤ አይደለም፤ ስለ ላሜ ነው። ከጾሙ በፊት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሎኮን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ ላሚቱ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ያዛት። ለሎኮ ብቻዋን ከበዳት፤ ከእሷ ጋር ሆኜ ጎተትኩ። ጥጃው ሞቶ ወጣ፣ ፀጉሩ እንኳ በቅጡ ያልበቀለ። የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ እሱንም በእጃችን አወጣነው፤ ቀሚሴ በደም ራሰ። ከዚያ በኋላ የጎረቤት ላሞችም ጨነገፉ፣ መንደሩም እርግማን ነው አለ። ያቺን ላም በጥጃነቷ ነው የገዛኋት፤ የልጅ ያህል አዝኜላት ነበር። ለማን ይነገራል ይሄ? ወገቤን ብዬ መጥቼ ስለ ላም ላልቅስ?

ገልገሎ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ቀስ ብሎ፣ «ያኔ እጅዎ ላይ ቁስል ነበረ እንዴ?» አለኝ።

«ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ» ብዬ ጣቶቼን ዘረጋሁለት። «መርፌ ያልወጋው አለ?»

ጣቶቼን አየ። «በሽታውን ለይቼ አላውቀውም እማማ። ግን ይሄን ለሲስተር መንገር አለብኝ። ይፈቅዱልኛል?» አለ። ከታመምኩ ወዲህ ይፈቅዱልኛል ሲባል መጀመሪያ የሰማሁት ከዚህ ልጅ ነው።

ሲስተር መጣች፤ እሷም የጠዋቱን ሐኪም ጠራችው። ሐኪሙ ሲሰማ ቆሞ ቀረ። «ጠዋት ለምን አልነገርሽንም?» አለኝ።

«ጠዋት ማን አነጋገረኝ?» አልኩት።

አልተቆጣም፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል። ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ፣ ሁሉንም እንደገና አስወራኝ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ። ደሜም ለሌላ ምርመራ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ብሩሴሎሲስ ሆነ። ላሞችን የሚያስጨነግፍ በሽታ ነው፤ ወደ ሰው የሚገባው ባልፈላ ወተትና እንዲህ በጨነገፈች ላም ደም ነው አሉኝ። በደም ምርመራ አንዳንዴ ታይፎይድ መስሎ ይታያል፣ ሲያድር ወገብና መገጣጠሚያ ላይ ይሰፍራል። የአጥንት ቲቢ አልነበረም።

ተፈራ ሲነገረው ደረጃው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ይቅርታ አላለኝም፤ እኛ ቤት ቃሉ አይታወቅም። ከሆስፒታል ስመለስ ግን ፍራሹ ወደ ቦታው ተመልሶ አገኘሁት።

መድኃኒቱ የሳምንታት ነው። መርፌው መቀመጫዬን አሳበጠው፣ ኪኒኑ ሆዴን ገለበጠው። ልተወው ስል ገልገሎ በር ላይ ይመጣል፤ «ካቋረጡት ይመለሳል እማማ» ይለኛል። ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ሄደ። ወገቤ ዛሬም ክረምት ሲገባ ያስታውሰኛል፤ መኪናዬን ግን እረግጣለሁ። ወተትም አፈላለሁ። ሎኮ ወተት ሲፈላ ላሚቱ ትነጥፋለች ባይ ስለሆነች እኔ ሳፈላ ፊቷን ታዞራለች።

አንድ ቀን ሲስተር ብርሃኔ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ ኮርሷ ሰዓቱ ሊቀነስ መሆኑን ነገረችኝ። «ሰላምታ ለማስተማር ደመወዝ ይከፈላል ወይ ይሉኛል» አለች፣ እየለካኋት። «እትዬ አስካለ፣ የደረሰብዎትን ይጻፉልኝ።» እኔ ሰላምታ ያድናል አልልም። ያዳነኝ መድኃኒት ነው። የሐኪሞቹንም መከራ አይቻለሁ፤ ሰልፉ ከበር እስከ አስፋልት ነው። ግን መድኃኒቱ ያን ሁሉ ወር መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ወደ እኔ የሚያመጣው መንገድ ነው የጠፋው።

ልቤን የሰበረው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሐኪሙ ያቺን ላም የነካ ሁሉ ይመርመር ብሎ ነበር። ለሎኮ ስነግራት፣ «እኔ ናጋ ነኝ» አለች። ደጋግሜ ነገርኳት፤ ናጋ ነኝ። መራመድ ስችል፣ አንድ የገበያ ቀን ክንዷን ይዤ ወደ ሆስፒታሉ ጎተትኳት። ተረኛው ሐኪም ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ፣ «ምንሽን ያምሻል?» አላት።

«ናጋ» አለች ሎኮ።

«ታዲያ ለምን መጣሽ?» ብሎ ቀጣዩን ሊጠራ እጁን አነሳ። አፌን ልከፍት ስል ልምምድ ላይ የነበረው ገልገሎ ከጎኑ ተነሳ። «እኔ ላናግራቸው» ብሎ ወንበር አመጣላትና ጀመረ። ወራ ናጋ? ጆሌ ናጋ? ሎን ናጋ? ከበሩ ሰልፍ አንድ ሰውዬ፣ «እዚህ ሰርግ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ገልገሎ ዞር ብሎም አላየው። ሣሩን ጠየቀ፣ ኤላውን ጠየቀ። ዝም አለ። «ኦዱ?» አላት።

ሎኮ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ተናገረች። ጥጃው ከወደቀ ወዲህ ማታ ማታ ያንቀጠቅጣታል። ላቧ መኝታዋን ያርሰዋል። ጉልበቷ አልታጠፍ ስላላት ላሞቹን የምታልበው ምራቷ ናት።

ያንን ወተት እያነገተች፣ ገበያ በዋለ ቁጥር፣ በዚያ ጉልበቷ ነው እኔ ዘንድ የመጣችው!

«ሎኮ! ለእኔ እንኳ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ታማሚ ልጠይቅ ሄጄ የራሴን ላውራ?» አለች። ዝቅ ባለ ድምፅም፣ «ደግሞ ኦዱ ብለሽ መቼ ጠየቅሽኝ?»

ደሟን ሲቀዱ ፊቷን አዞረች፤ እጇን ይዤላት ቆምኩ።